ሲላላ ጣራ፣ ሲጠብቅ ምስጋና

በኖርዌይ ምድር፣ ማዕበል እየደበደበውና ባሕር እያገሳበት፣ ጣራ በመርፌ የሰፋ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ከእኔም በኋላ የሚነሳ አይመስለኝም። ይህን ስናገር ፉሩሴት በሚባለው የኦስሎ ሰፈር የገበያ አዳራሽ ውስጥ ሻይ የሚጠጡ የአገሬ ልጆች በክርን ይጓሸማሉ። ይጓሸሙ። ኦስሎ ውስጥ እኔ ያልወጣሁበት ጣራ የለም።

እሺ፤ የወጣሁት አንድ ጣራ ላይ ነው። እሱንም ቢሆን መውጣቱን ወጣሁ እንጂ ያወረዱኝ የሰባ አራት ዓመት ባልቴት ናቸው። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ከዚያ እንደፈቀዳችሁ ፍረዱ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ ሰላሳ ዓመት ያልሞላኝ የደሴ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ልብስ ሰፊ ስል ቁልፍ የሚተክል፣ ሱሪ የሚያሳጥር እንዳይመስላችሁ። ሙሉ ልብስ ሊለካ ሱቄ በር ላይ የሚሰለፈው ሙሽራ ጅራቱ ኮምቦልቻ ይደርስ ነበር። (እሱ በጥር ነው፤ በሌላው ወር ሐረጎ ላይ ያበቃል።) ለራሴ ሰርግ የሰፋሁት ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ኮት ግን ማጋነን የማያስፈልገው ሥራ ነበር። ዘይነባን ያገባሁት በእሱ ነው። በተጋባን በሰባተኛው ወር በሱዳን በኩል ከአገር ስወጣ ኮቱን አጣጥፌ ለእሷ ሰጠኋት። ብል እንዳይነካው ብዬ አደራ አልኳት። ስለራሷ ምን እንዳልኳት አላስታውስም።

ሱዳን ሁለት ዓመት ተቀምጬ ኦስሎ ስገባ ፉሩሴት፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ ከድር ከሚባል የወረኢሉ ልጅ ጋር ተዳበልኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁልኝ፤ ከፍታ እፈራለሁ። አምፖል ልቀይር ወንበር ላይ ስወጣ ከድር ወገቤን ይይዘኝ ነበር። በዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የሳሎኑ መስኮት ምን እንደሚያሳይ አላውቅም፤ መጋረጃውን ከፍቼው አላውቅማ።

ከድር ኦስሎን በሁለት ዓመት ይቀድመኛል። በገባሁ በማግስቱ የአገሩን ቋንቋ በፊደላችን በትንሽ ደብተር ላይ ጽፎ ሰጠኝ። የመጀመሪያው መስመር "ታክ ማለት አመሰግናለሁ ማለት ነው" ይላል። የፊደላችንን ጠባይ ታውቁታላችሁ፤ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። "ገና" ብሎ ይጽፍና ጊዜው አልደረሰም ይሁን የልደት በዓል ለአንባቢው ይተወዋል። እኔ ደግሞ "ታክ"ን አላልቼ አነበብኩት። ለካስ ቃሉ በኖርዌዮች አፍ ሲጠብቅ ምስጋና፣ ሲላላ ጣራ ኖሯል።

እንግዲህ ስምንት ወር ሙሉ ለአውቶቡስ ነጂው ጣራ፣ ዳቦ ለሸጠችልኝ ልጅ ጣራ፣ በር ለያዘልኝ ሽማግሌ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "ሺህ ጣራ" ስል ኖርኩ። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ያረመኝ የለም። አንዳንዶቹ ብቻ ቀና ብለው ያዩ ነበር።

አንድ ቀን የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ተጠራሁ። ፊቷ የሚያሳዝን ደግ ሴት ወንበር ሰጠችኝና አንድ ረጅም ነገር ጠየቀችኝ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ አገርህ ሳለህ ሙያህ ምን ነበር ነው ያለችኝ። እኔ ለወንበሩ ምስጋና አላቀረብኩም ነበርና "ታክ፣ ታክ" አልኳት። ዓይኗ በራ። "ታክ?" አለችና ጣቷን ወደ ላይ አነሳች። ሰው ጣቱን ወደ ሰማይ ሲቀስር እኛ የምናውቀው አንድ ነገር ነው። ምስጋናው ለላይኛው ነው ማለቷ መሰለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኔም ጣቴን ከእሷ አስበልጬ ወደ ላይ ቀስሬ "ታክ!" አልኩ። ጻፈች።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ከድር ቆሞ ማንበብ ጀመረና ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ሶፋው ላይ ተጋደመ።

"ሰይዶ" አለኝ እንባውን እየጠረገ፣ "ጣራ ሠሪ ሆነሃል። አንተ አልጋ ላይ ስትወጣ የሚያዞርህ ሰው!"

ያን ዕለት ነው ስለ መጥበቅና መላላት የተማርኩት። በማግስቱ ሄጄ ስህተቱን ባስተካክል ደግ ነበር። ነገር ግን ደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ነበረው። የሙከራ ጊዜውን በደንብ የጨረሰ ሰው ቋሚ ሥራ ያገኛል ይላል። ቋሚ ሥራ አለው የሚል አንድ ወረቀት ደግሞ ዘይነባን ለማምጣት የጎደለኝ ብቸኛ ነገር ነበር። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ያንን ወረቀት ብቻ ይጠብቃል። አፌን ዘጋሁ።

ያኔ ስልክ ውድ ስለነበር የምንነጋገረው በካሴት ነው። እኔ ቀርጬ እልካለሁ፣ እሷ ቀርጻ ትልካለች፤ ሰው ሲገኝ። እኔ ካሴቱን በሙሉ ስለ ኦስሎ እቀደድበት ነበር፤ በበረዶ ላይ በሁለት እግሬ ተንሸራትቼ ሥራ እንደምሄድ ሁሉ ነግሬያታለሁ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ስለ ኮቱ እጠይቃለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የደረሰኝ ካሴቷ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስለ ሰፈሩ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሱቁ አወራችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሰይድ፣ ለረጅም ጊዜ ልነግርህ ፈልጌ ያቃተኝ ነገር አለ። እንዳትቀየመኝ..." አለች። ይህን ስትል ዝናቡ ወረደ። የደሴን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሰማ ያውቀዋል፤ ጤፍ በጆንያ ከሰማይ እንደ መዘርገፍ ነው። እሷ ማውራቷን አላቆመችም። ድምፅዋ ከዝናቡ ሥር፣ በጣም ሩቅ፣ እንደ ትንፋሽ ይሰማል። ቃሉ አይለይም። ካሴቱ እስኪያልቅ ዝናብ ነው።

ሁለት መቶ ጊዜ አዳምጬዋለሁ ብል ያነሰ ነው። ከድር፣ ሰላም ነው የምትልህ ይለኛል። እኔ ግን ሰላምታ ለማለት "እንዳትቀየመኝ" የምትል ሴት ሰምቼ አላውቅም። ሦስት ዓመት ጠብቃኛለች። ሰው ሦስት ዓመት ጠብቆ እንዳትቀየመኝ ሲል ምን ሊል ነው? ፍርድ እንደሚጠብቅ እስረኛ ያቺን ዝናብ ሳዳምጥ ከረምኩ። ደግሞ አንድ የማላፍርበት ነገር ልንገራችሁ፤ አንዳንዴ የማዳምጠው ለቃሉ አልነበረም። ፉሩሴት ዝናብ ሲዘንብ ድምፅ የለውም። በላዬ ጣራ የለማ፤ በላዬ ያለው ዘጠነኛ ፎቅ ነው። ዝናብ መኖሩን የምናውቀው ከሰው ጃንጥላ ነበር።

አለቃዬ አርነ ስልሳ የተጠጋ፣ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ ሰው ነበር። በቀን አሥር ቃል ቢናገር ነው፤ ዘጠኙ "ያ" ነው፤ አዎ ማለት ነው። እሱንም አይናገረውም፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ "ህያ" ይላል። መጀመሪያ ስሰማው እናቴ የገባች መሰለኝ። እኛም አዎ ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስብ የለም? እሱ ሲስብ እኔ ስስብ፣ ሁለት ወር ሙሉ ባንድ ቃል ተግባባን። በሁለቱ ወራት ውስጥ እግሬ አንድም ቀን ከምድር አልተነሳም። እሱ ወደ ላይ ሲያመለክት እኔ ታች አንድ ሥራ አገኛለሁ፤ ሚስማር እለቅማለሁ፣ ጣውላ እደረድራለሁ፣ መሰላል እይዛለሁ። የተሸወደ መስሎኝ ነበር።

በጥቅምት ወር የእማማ ሲግሪድን ቤት ጣራ ልንቀይር ሄድን። ከከተማው ወደብ ከቢየርቪካ ባሕሩን ይዞ ወደ ደቡብ ይኬዳል፤ ቢየርቪካ ያኔ ኮንቴይነርና አስፋልት ነበር እንጂ ዛሬ የምታዩት መስታወት አልነበረም። ትንሽ ድልድይ ተሻግራችሁ አንዲት ደሴት ላይ፣ አለቱ ጫፍ፣ ነጭ የእንጨት ቤት አለ። ከፊቱ ባሕር ብቻ ነው። የመጸው ነፋስ ከደቡብ ሲነሳ ፍዮርዱን፣ ጠባቡን የባሕር ሰርጥ፣ እንደ ቱቦ ይዞ ይመጣና መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ቤት ነው። በየዓመቱ የጣራውን ሸክላ እንደ ዶሮ ላባ ይነጨዋል። አርነ፣ ከእንግዲህ ሸክላ ይብቃዎት፣ ነፋስ የማይነቅለው የብረት ቆርቆሮ እናልብሰው ብሎ አሳመናቸው።

እማማ ሲግሪድ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። ኖርዌዮች ትልቁንም ትንሹንም አንተ አንቺ ነው የሚባባሉት፤ እኔ ግን በአማርኛ አስቤ በኖርዌይኛ ስለምናገር በልቤ እርስዎ ነበር የምላቸው። ባላቸው የመርከብ ሸራ ሰፊ ነበሩ አሉ። ሰገነቱ ውስጥ፣ ከጣራው ሥር፣ የሚሠሩባት አግዳሚና የመሣሪያ ሣጥናቸው እስከዚያ ቀን እንዳሉ ነበሩ። ጣራውን ከማንሳታችን በፊት እናውርድልዎ ብንላቸው እምቢ አሉ። ከቦታው እንዲነሳ አልፈልግም አሉ፤ በሌላ ነገር ሁሉ እሺ ያሉ ሴት በዚህ አልተመለሱም።

በመጀመሪያው ቀን ሸክላውን አወረድን። ማለቴ አርነ አወረደ፤ እኔ ተቀበልኩ። በሁለተኛው ቀን በሰሜን በኩል ያለውን የጣራ ጎን ቆርቆሮ አለበሰው። ቆርቆሮውን ሳየው ልቤ እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። አርነ ሳያየኝ በጣቴ አንኳኳሁት። አገር ቤት ያለው ሸንተረራም ነው፤ ይሄ ወፍራምና ጥቁር ነው፤ ግን ሲያንኳኩት ዘመድ ነው። በደቡብ በኩል፣ ባሕሩን በሚያየው ጎን ላይ፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሸራ ወጥረን ሄድን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድልድዩን ስንሻገር ባሕሩ መልኩን ለውጦ ነበር። አርነ መኪናውን አቁሞ አሸተተው፤ ውሻ እንጂ ሰው ባሕር ሲያሸት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ቶሎ ቶሎ መሥራት ጀመረ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ግድም ነፋሱ ደረሰ። ቤቱ እንደ ጆሮ ጉትቻ ተወዛወዘ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አትመኑ። ግን ሸራው መተንፈስ ጀመረ፤ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፣ ይነፋል። በመጨረሻ ሁለት ሸራ የተጋጠመበት ስፌት በመሃሉ "ጥርር" ብሎ ለቀቀ። አርነ መሰላሉን በሩጫ ወጣ፤ ጫፉ ሊደርስ ሁለት እርከን ሲቀረው ነፋሱ መሰላሉን ከነሰውየው አንስቶ አሸንዳው ላይ አጋጨው። ሲወርድ ቀኝ የእጁ አንጓ ታጥፎ ነበር።

እማማ ሲግሪድ ስልክ ደወሉ። አርነም በግራ እጁ ደወለ። የከተማው ጣራ ሠሪ ሁሉ የየራሱ ጣራ ላይ ነበር፤ እስከ ማታ የሚመጣ የለም አሉ። ሰማዩ ከደቡብ እየጠቆረ ነው። ዝናቡ ከወረደ በተቀደደው በኩል ይገባል፤ ሰገነቱን፣ አግዳሚዋን፣ ሣጥኑን ይዞ ኮርኒሱን ያወርዳል። እማማ ሲግሪድ ወደ ላይ አላዩም። እጃቸውን ጉርድ ልብሳቸው ላይ እያሻሹ ባሕሩን ብቻ ያያሉ።

አርነ ወደ እኔ ዞረ።

"ትወጣለህ?" አለኝ።

በዚያው ቅጽበት የነፋሱ ትልቁ መጣና መሰላሉን ሲያነቃንቀው ደንግጬ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ። "ህ!"

"ጥሩ" አለ አርነ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ።

እናንተዬ፣ ድንጋጤዬን አዎ ብሎ ተረጎመው። በዓለም ላይ ሁለት ሕዝብ ብቻ በዚህ ሊሳሳት ይችላል፤ ሁለቱ ደግሞ እዚያች አለት ላይ ተገናኘን።

ገመዱን ወገቤ ላይ ሲያስር ውሸቴን ይዤ ለመሞት አልቻልኩም። ዘይነባ ፊቴ ድቅን አለች፤ ወረቀቱም አብሮ። ከተናገርኩ ወረቀቱ ቀረ። ካልተናገርኩ ጣራ ሠሪ ነው ተብዬ ልቀበር ነው። ባለችኝ ኖርዌይኛ፣ እኔ ጣራ ሠሪ አይደለሁም አልኩት። ልብስ ሰፊ ነኝ። ቢሮው ተሳስቶ ነው፣ እኔም ተሳስቼ ነው።

አርነ ቋጠሮውን አጠበቀ። "ጣራ ሠሪ አለመሆንህንማ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። መሰላል ስትይዝ እንደ እባብ ነው የምትይዘው።" ከዚያ ወደ ላይ አየ። "እሱ ግን" አለ፣ "ጣራ አይደለም። ጨርቅ ነው።"

በዚያ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ንግግር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀና ብዬ አየሁት። እውነትም ጨርቅ ነው። ስፌቱ ከየት እንደጀመረ፣ የት ጋ እንደለቀቀ፣ የፋብሪካው መርፌ እንዴት አራርቆ እንደወጋው ከታች ሆኖ ይታየኛል። እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ለጠላቴ አልሰጥም ነበር።

መርፌ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እማማ ሲግሪድ ዞር አሉና አዩኝ፤ ወደ ሰገነቱ ወጡ። ሲመለሱ ከማይነካው ሣጥን ውስጥ ጣት የሚያህል ባለ ሦስት ማዕዘን መርፌ፣ ሰም የተቀባ ክርና መዳፍ ላይ የሚታሰር ቆዳ ይዘዋል። ቆዳው የሌላ ሰው መዳፍ ቅርጽ ነበረው። እሳቸው ራሳቸው እጄ ላይ አሰሩልኝ።

"ነፋስ ሲነሳ እዚያ ላይ ተቀምጦ ይሰፋ ነበር" አሉ። "እኔ ከታች ሆኜ እግሩን እሰማለሁ። አሁን የምሰማው ነፋሱን ብቻ ነው።"

ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ።

መሰላሉ አሥራ ስምንት እርከን ነበረው፤ እኔ አራት ሺህ ቆጥሬያለሁ። አርነ ጠዋት በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያሳለፈውን ገመድ በደህና እጁ ይዟል። ጣራው ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፍኜ በደረቴ ተኛሁ። ያኔ ከሥሬ የሚንፈራገጠውን ሸራ በጣቴ ዳበስኩት። እጅ ልማዱን አይረሳም፤ ጣቶቼ የተቀደደውን ጫፍ አገኙት፣ ከጫፉ ጋር አገናኙት፣ ጉልበቴን ጫንኩበትና ወጋሁ። መርፌውን አንድ ወደ ፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ፤ ሙሽራ የሚጨፍርበት ሱሪ ቂጡ ላይ የሚሰፋው እንደዚያ ነው፤ እንዳይተረተር። ከስፌቱ ሌላ ምንም አላይም። ባሕሩ ከግራዬ ይጮሃል። አርነ ከታች አንድ ነገር ይላል። እኔ ከጣቴ እስከ ጣቴ ያለችውን አንዲት ስንዝር ብቻ ነው የማውቃት፤ እሷ ስታልቅ በጉልበቴ ተስቤ ወደ ቀጣዩዋ እሄዳለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ርቄ አልዞረብኝም።

ስፌቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዝናቡ ወረደ። መጀመሪያ የወረደው በወዲያኛው ጎን፣ በሰሜን በኩል፣ አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ነው። ጤፍ በጆንያ።

እጄ ቆመ። ያቺ ካሴት ናት። ያው ድምፅ፣ ያው ክብደት፤ ከሥሩ የዘይነባ ትንፋሽ ብቻ ነው የቀረው። ጆሮዬን ወደ ቆርቆሮው አዘነበልኩ። የሰው ቤት ጣራ ላይ፣ በገመድ ታስሬ፣ እዚያ ዝናብ ውስጥ ቃሏ ይኖር ይሆን ብዬ ስሰማ ያየኝ ቢኖር አማኑኤል ይወስደኝ ነበር። እንዳትቀየመኝ ብላ ምን አለች? ሰለቸኝ አለች? ሌላ ሰው አለ አለች? የፈለገችውን ትበል፤ እኔ ልሰማው ብቻ ፈለግሁ። ማልቀሴን ያወቅሁት ክሩ ሲደበዝዝብኝ ነው። እያለቀስኩ ቀሪውን ጨርሼ ቋጠርኩ። በጥርሴ በጠስኩት። ሸራው ተነፋ፣ ተወጠረ፣ ያዘ።

ልወርድ ብድግ ስል ጣራው ይዞ ቁጭ አደረገኝ።

እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ሳበኝ። በጉልበቴ በኩል የያዘኝ እጅ አለ። መልአከ ሞት መሰለኝና ሸሃዳ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ዓይኔን ገልጬ ባይ፣ ሱሪዬን ከቀኝ ጉልበቴ እስከ ባቴ ከሸራው ጋር አንድ ላይ ሰፍቼዋለሁ። ከፊት ወደ ኋላ፣ እንዳይተረተር። እንዲያ ባለ ስፌት የተሰፋ ሱሪ በጉልበት እንደማይላቀቅ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መቁረጫ ደግሞ አልያዝኩም።

አርነ በአንድ እጁ ገመድ ይዞ መውጣት አይችልም። ስለዚህ የመሰላሉ ጫፍ ላይ ብቅ ያለው ቢጫ የዝናብ ኮት ነው፤ እማማ ሲግሪድ የወጥ ቤት መቀስ በጥርሳቸው ነክሰው መጡ። ጉልበቴን አዩ፣ ፊቴን አዩ።

"ራስህን ለምን ሰፋህ?" አሉኝ።

ሱሪውን ከጉልበቴ በላይ ዞረው ቆረጡትና እግሬን ነፃ አወጡ። ላመሰግናቸው ፈለግሁ። ወራት የተለማመድኩት መጥበቅ ከድንጋጤው ጋር ጠፍቶ ነበርና "ታክ! ታክ!" አልኩ፤ ላልቶ።

"ጣራው ደህና ነው" አሉኝ እጄን ይዘው። "መጀመሪያ አንተ ውረድ።"

እርከን በእርከን፣ እግሬን እየያዙ እያስቀመጡልኝ አወረዱኝ። መሬት ስደርስ አንድ እግሬ ራቁቱን ነበር። አርነ አየኝና ሳቀ፤ እሱንም ወደ ውስጥ እየሳበ። ስፌቱ ያን ቀንና ያን ሌሊት ያዘ። ሰገነቱ ውስጥ አንድ ጠብታ አልገባም። ሸራው ከውስጥ ሲታይ መሃሉ ላይ ቡናማ የሱሪ እግር ተለጥፎበት ነበር።

አርነ ወረቀቱን የፈረመው በሳምንቱ፣ በግራ እጁ ነው። ሙያ በሚለው ቦታ ላይ ትንሽ አሰበና "ሸራ ሰፊ" ብሎ ጻፈ። ቋሚ። ከዚያ በኋላ ለእሱም፣ ለጓደኞቹም የሥራ ቦታ ሸራ ሁሉ የምጠግነው እኔ ሆንኩ፤ መሬት ላይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ።

ዘይነባ በዓመት ከሁለት ወሯ መጣች። አውሮፕላን ጣቢያ ያልኳትን አልነግራችሁም፤ ብዙም አላልኩ። ስለ ካሴቱም አልጠየቅኋት። መጥታለቻ፤ ከመጣች ምን ቀረ? ደግሞ ፈራሁ። በመጀመሪያው የመጸው እሑድ እማማ ሲግሪድ ጠሩን። ሻይ ጠጥተን ስናበቃ ሰማዩ ጠቆረ፤ ባልቴቷ የካሴቱን ነገር ነግሬያቸው ስለነበር ሁለታችንን ወደ ሰገነቱ ላኩን። አግዳሚዋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዝናቡ በራሳችን ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ዘይነባ ቀና ብላ አየች። ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሯ የገባች መሰለች።

ያኔ ነው የጠየቅኋት። እንዳትቀየመኝ ብለሽ ምን አልሽ? መለሰችልኝ፤ በዝናቡ ምክንያት አልሰማኋትም። እንደገና አለች፤ አልሰማኋትም። በመጨረሻ አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ ጮኸች።

"ጣራው ሲያፈስ የሰርግ ኮትህን ወተፍኩበት!"

በየካሴቱ ስለ ኮቱ ስጠይቃት መንገር ፈርታ ኖሯል። ቀዳዳው ከአልጋው በላይ ነበር አለች። ጨርቅ ሁሉ ሞክራ ያቆመው የለም፤ የእኔ ኮት ብቻ ውኃ አላሳልፍ አለ። "ስፌትህ ነው" አለችኝ። "ደግሞ ከሥሩ ስተኛ አንተ ላይ ሆነህ የያዝክልኝ ይመስለኝ ነበር።"

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው። እኔ ከዚያ በኋላ ሙያዬን ደብቄ አላውቅም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ልብስ ሰፊ ነኝ እላለሁ፤ እናንተም አገር ቤት የነበራችሁትን ሙያ የደበቃችሁ ካላችሁ አውጡት፤ መቼ ጣራ እንደሚቀደድ አይታወቅም። እማማ ሲግሪድ ካረፉ ዓመታት አለፉ፤ ቤቱን የገዙት ሰዎች ሰገነቱን ብርድና ድምፅ በሚከለክል ጥጥ ዘግተውታል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ዝናቡ አይሰማም ማለት ነው። እኛ ሊንደበርግ የሚባል ሰፈር እንኖራለን፤ ምድር ላይ። አምፖል የምትቀይረው ዘይነባ ናት።

አንድ ነገር ቀርታኛለች፤ ልናገራትና ልገላገል። ያቺ ካሴት አሁንም አለች። ዘይነባ ሥራ በሄደች ቀን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እከፍታታለሁ። ምን እንዳለች አውቀዋለሁ፤ ማታ ትመለሳለች፤ አብረን ራት እንበላለን። ዝናቡ ሲወርድ ግን ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ከሥሩ ያለችውን ሴት እየፈለግሁ አለቅሳለሁ። ባለፈው ከሥራ ቀድማ ገብታ፣ ዓይኔን አይታ፣ ምን እያዳመጥክ ነው አለችኝ። ዜና ነው አልኳት።